ሲፈራረሙ ማን ነበር

ጥቅምት 24

ብርዱ ጀመረ። ዓለም ገና ከተማ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛበታል፤ ባጃጆቹ መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። ፋብሪካ በሰዓቱ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። መኪያ ከጎኔ ሆና እንደ ሁልጊዜው የስፌት መኪናዋን ስትሳደብ ዋለች። «ይቺ አህያ ዛሬም ክር በላች» ትላለች።

ስመለስ አብዱረዛቅ ሱቅ ሽሮ ገዛሁ። ለመጠቅለያ የሚያመጣውን ወረቀት ሳይቀደው እንዳነብ ይፈቅድልኛል። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ ከእንደዚህ ዓይነት ክምር ነው... መጀመሪያም መጨረሻም የለው። ዛሬ የደረሰኝ ከአንድ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ የተገነጠለ ቅጠል ነው። ስለ ጎረቤት አገሮች ይናገራል። ስለ ሱዳን፣ ስለ ኬንያ። ሀብታምና ድሀ የትም አገር ይጣላሉ ይላል። አገሩ ወደ ዴሞክራሲ የሚሄድበትን መንገድ የሚለየው ግን ሲጣሉ ማን ከማን ጋር እንደ ቆመ ነው። የተማረው፣ ደመወዝተኛው፣ ከድሀው ጋር ከቆመ አንድ መንገድ። ከባለሀብቱ ጋር ከቆመ ሌላ መንገድ። ገበሬው ደግሞ...

እዚያ ላይ ወረቀቱ አለቀ።

ገበሬው ደግሞ ምን? ቀሪውን አብረን ፈለግን። አብዱረዛቅ «በርበሬ ጠቅልዬበት ሄዷል መሰለኝ» አለ። ሳቅን።

ጥቅምት 27

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ከካውያ ክፍሉ ጭስ መጣ። የጨርቅ ክምር በካውያ ተለብልቦ ነው አሉ ኋላ። ያኔ ግን ማን ያውቃል? አዳራሹ ሲጨልም ሁላችንም ወደ ሁለተኛው በር ሮጥን። በግቢው በኩል ያለው፣ ለአደጋ ጊዜ ተብሎ ቀይ የተቀባው። ተቆልፏል። ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ነው የሚኖረው፤ ጨርቅ ይሰረቅበታል ተብሎ። ከኋላ ያለው ይገፋል፣ ከፊት ያለው ይጮኻል። ላሊሴ ከፊት ነበረች። ኪስ የምትሰፋው፣ ትንሿ ልጅ። ከበሩ ጋር ተጣበቀች፣ ወደቀች፣ ተረገጠች። እጇ ተሰበረ።

በሩን የከፈቱት ኦቦ ቀጄላ ናቸው። ጥበቃው፣ የእኔም ቤት አከራይ። ቁልፉን ይዘው ከዋናው በር እስኪሮጡ... ዕድሜያቸው የሩጫ አይደለም። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ላሊሴን ተሸክመው ያወጧትም እሳቸው ናቸው።

እሳት እንኳ አልነበረም። ጭስ ብቻ።

ጥቅምት 28

በሩ ዛሬም ተቆልፏል። ከትናንት ወዲህ የተለወጠው ወለሉ መታጠቡ ነው።

ጥቅምት 30

ከመኪያ ጋር ገፈርሳ ሄድን። ላሊሴ ወላጆቿ ቤት ናት። ከቡራዩ ወዲያ ወርደን በባሕር ዛፉ መሃል በእግር። እናቷ በኦሮምኛ እየመረቁ አስገቡን፣ እርጎ ሰጡን። ልጅቷ እጇ በጄሶ ታስሯል። አቶ መልከጼዴቅ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው፣ ደውሎላት ነበር። ተገፋፍታችሁ ነው የወደቅሽው፣ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም፣ ስትድኚ እናየዋለን ብሏታል። «እናየዋለን» ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ዓመት የታየላት ሴት እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ላሊሴ አላለቀሰችም። በሩ ተከፈተ ወይ ብላ ጠየቀችን። እርጎአችንን ጠጣን።

ስንመለስ መኪያ ስለ ካርቱም አወራችኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሰፋ ይህን ያህል ጊዜ፣ አውርታልኝ አታውቅም። እዚያ ዓመታት ሻይ ሸጣለች፤ ጦርነቱ ሲጀመር ነው በመተማ በኩል የተመለሰችው። የዳቦ ዋጋ ጨምሮ ሕዝቡ የወጣ ጊዜ፣ ኋላም ከወታደሮቹ ዋና ቢሮ ፊት ለፊት የሰፈረ ጊዜ፣ እሷም ጀበናና ብርጭቆዋን ይዛ ሰፍራለች። ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ጫማ ጠራጊው አንድ ምንጣፍ ላይ። አንድ ሐኪም «እህቴ» ይላት ነበር። ሻይ በነጻ ሰጥታዋለች። መሪው ወረደ። አገሩ በጭፈራ ተናወጠ።

ከዚያስ? አልኳት።

«ከዚያማ ከወታደሮቹ ጋር ሊፈራረሙ ተቀመጡ። በቴሌቪዥን አየኋቸው። ባለሱፍ፣ ባለሱፍ፣ ባለማዕረግ። የእኔን ሐኪም የሚመስል አየሁ፣ እኔን የሚመስል ግን አንድም አላየሁ። ቆይተው ወታደሮቹ ባለሱፎቹን አሰሯቸው። ያን ጊዜ ውጡ ተባልን። ብዙ ሰው ወጣ። እኔ ግን ቤቴ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ ልውጣ?»

ታክሲው ጦር ኃይሎች ሲደርስ ደግሞ ዞር ብላ፦ «ሕዝብ ተነሣ ሲሉሽ አትደነቂ። ሲፈራረሙ ማን ነበር ብለሽ ጠይቂ።»

ኅዳር 4

ሀብተወልድ ጀመረው። መካኒክ ነው፣ ዲፕሎማ አለው፤ መኪኖቻችን ሲቆሙ የምንጠብቀው የእሱን እጅ ነው። በምሳ ሰዓት ሰብስቦን የሠራተኛ ማኅበር እንመሥርት አለ። ጥያቄው ሁለት፦ በሩ ይከፈት፣ ላሊሴም ወደ ሥራዋ ትመለስ። አንገቱ ላይ ደም ሥሩ እስኪታይ ነው የሚናገረው። ልጅ እያለሁ እንደዚህ የሚናገር ሰው እወድ ነበር። አሁንም እወዳለሁ መሰለኝ።

ስልኩ ላይ የኬንያን ወጣቶች አሳየን። «አያችኋቸው? የግብር ሕጉን ማስለወጥ አይቻልም ሲባል አስጣሉት።» ልጃገረዶቹ ዓይናቸው በራ።

እኔ ያነበብኩት ሌላ ቁራጭ ትዝ አለኝ። በዚያው አገር ከዓመታት በፊት በምርጫ ማግስት ድሀ የድሀን ጎጆ አቃጥሏል፤ አንተ ከዚያ ዘር፣ እኔ ከዚህ ዘር ተባብሎ። ሀብታሞቹ አጥራቸው ውስጥ ነበሩ። የአሁኖቹ ልጆች ዘር አትጠይቁን ብለው ነው የወጡት ይላል። ሕግ ያስጣለው ጩኸቱ ነው ወይስ ይሄ? አልጠየቅሁም። ምሳ ዕቃዬን ዘጋሁ። እንደ ልማዴ።

ሀብተወልድ በመጨረሻ «ንግግሩን ለእኔ ተዉት፤ እንዴት እንደሚነገራቸው አውቃለሁ» አለ። መኪያ በክርኗ ነካችኝ።

ኅዳር 9

ጥበቃዎቹ ማኅበሩ ውስጥ አንገባም ብለዋል። ሁሉም የዚሁ አገር ገበሬዎች ናቸው፤ ፋብሪካው የቆመው በእነሱ መሬት ላይ ነው። እኛ ከአዲስ አበባ የመጣን ተከራዮች ነን። እነሱ እኛን «ሀገር የለሽ» ይሉናል ሲደብራቸው፣ የእኛ ልጃገረዶች ደግሞ «ዘበኛ» ይሏቸዋል ዝቅ አድርገው። በሩ ግን በእጃቸው ነው።

ማታ ኦቦ ቀጄላ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አካም ኦልተን፣ ኦቦ?» ብዬ አዋዋላቸውን ጠየቅሁ። «ፈያ» አሉ፤ ግን ቀና አላሉም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሚቆረጥሙትን ቆሎ ሲያካፍሉኝ ስለ ማኅበሩ አነሣሁ። ያሰብኩትን ያህል አልተቆጡም። አቶ መልከጼዴቅ ጥበቃዎቹን ሰብስቦ፣ ማኅበር የገባ ቢኖር ከኤጀንሲ ሌላ ጥበቃ አመጣለሁ ብሏል።

«እዚያ አንቺ የምትሰፊበት ቦታ ሽምብራ ይበቅልበት ነበር» አሉኝ። «መሬቴን ሰጥቼ ቁልፍ ተቀበልኩ። እሱንም ጣል ትሉኛላችሁ?»

«አንቱን አይደለም የምንለው...»

«እኔን ነው እንጂ። የቆለፍኩት እኔ አይደለሁ? ከላሊሴ አባት ጋር ገበያ አብረን እንወርድ ነበር። አሁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ባለቤታቸው ደጊቱ ከውስጥ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብለው ተቆጡ። እሳቸው ተነሥተው ገቡ። ቆሎውን ትተውልኝ ነው የገቡት።

ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል። ሀብተወልድና መካኒኮቹ ለማኅበሩ መተሳሰሪያ ብለው የቅበላ ቅርጫ አዘጋጁ። በሬው ከሰበታ ገበያ መጣ። ለሙስሊሞቹ ለብቻ በግ ይገዛል፣ በራሳቸው ሰው ይታረዳል ተብሎ ነበር። ነገ ዛሬ ሲባል በጉ ሳይገዛ ቀረ። ማንም ጉዳዬ አላለው።

ሥጋው ተመድቦ ዕጣ ተጣለ። ሳቅ፣ ቀልድ፣ «ሽንጡ ለማን ደረሰ!» የመኪያም ስም ተጠራ። እሷና ሌሎቹ ከአጥሩ ሥር ቆመዋል። አንዱ ልጅ «ውሰጂ ባክሽ፣ ለጎረቤት ትሰጪዋለሽ» አላት። ክፋት አልነበረውም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሌሎቹም ተከትለዋት ወጡ።

እኔ ፌስታሌን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሽንኩርት ስከትፍ ነው ነገሩ የገባኝ... ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ እንኳ የማንረሳውን! ሁለት ድስት መጣድ ማን ያስተምረናል? ቸኮልን። ራሳችንን «ሁላችንም» ካልን በኋላ ማን እንደጎደለ መቁጠር ተውን።

ኅዳር 16

አቶ መልከጼዴቅ ፈጣን ነው። ሙስሊሞቹን ልጆች አንድ በአንድ ጠርቶ «የቅርጫ ማኅበር ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?» አላቸው። እስከ ማታ ሁሉም ወጣን ብለዋል። መኪያም። ቀኑን ሙሉ መኪናዋን አልተሳደበችም።

ኅዳር 18

ሥራ ስንወጣ ጠበቅኋት። እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረን ሄድን። ይቅርታ ልላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ሥጋው አይደለም። ሥጋ ቤቴ አለ። ስታስቡ እኛ አልነበርንም፤ እሱ ነው። ካርቱምም እንዲህ ነው የጀመረው። አንድ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ነው የረሱን።»

ከአፌ የወጣው ይሄ ነው፦ «ጾም ገብቷል እኮ። እስከ ገና እኛም ሥጋ አንነካም። አንቺ የምትበይውን ሽሮ ነው የምበላው።»

ቆም ብላ አየችኝ። «እና በእናንተ ጾም እኛ ልንታረቅ?»

«ጾሙ የእኛ ነው። ሽሮው የማንም ነው።»

ሳቀች። ልትስቅ ፈልጋ አይደለም፤ አመለጣት። ምሥረታው በጾሙ ውስጥ ይሁን፣ ከአንድ ድስት እንብላ፣ ድስቱንም አብረን እንጣድ አልኳት። ልጆቹን አነጋግራለሁ አለች። «ለሀብተወልድ ግን አንቺ ንገሪው። እኔ አልለምነውም።»

እኔ? ሰው ፊት ተናግሬ የማላውቀው?

ኅዳር 20

ነገርኩት። መኪና እየፈታ ነበር። ትንሽ ነገር ነው አለ፤ በዚህ ትልቅ ጉዳይ መሃል የበግ ወሬ አታምጪብኝ አለ። «ትንሽ ከሆነ ማስተካከሉም ትንሽ ነው» አልኩትና ቆምኩ። አልሄድኩም። ብሎኑን ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ፣ ሲያጠብቅ... በመጨረሻ ቀና ብሎ «መኪያ ተቀይማለች?» አለ። አዎ አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ራሱ ወደ እሷ ሄደ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሱ ሲሄድ እንደ ወትሮዋ መኪናዋን ሰደበች።

ኅዳር 27

የቀሩት ጥበቃዎቹ ናቸው። በልመና አይሆንም።

ዛሬ ደጊቱ ግቢ ውስጥ ሲያማርሩ ሰማሁ። የቀረቻቸው ቁራሽ መሬት ከፋብሪካው አጥር ኋላ ናት፤ ጤፉ ደርሷል። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፣ ሰማዩ ደመና አዝሏል። ዝናብ ከመጣ አለቀ። እኛ ብንመጣስ አልኳቸው። የጠዋት ፈረቃ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል። በሳቅ ወደቁ። ለሀብተወልድ ደውዬ ስነግረው ለምን በእረፍታችን በእሁድ አይሆንም አለኝ፤ እሱንም ነገርኳቸው። «በሰንበት ማጭድ? ይሄ ልጅ ማን ነው ያሳደገው?»

ከዚያ ግን አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ዳዶ ታውቂያለሽ? ዛሬ አንቺ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንቺ። ጌታ የለውም፣ ሎሌ የለውም። ተራ ብቻ ነው ያለው። እኔ ለአንቺ ምን እመልሳለሁ? አንቺ ምን ዘርተሻል?»

«ይገኛል» አልኩ።

ታኅሣሥ 2

ወገቤ!

ከፈረቃ እንደወጣን ወረድን። ከስፌት፣ ከካውያ፣ ከመካኒክ። መኪያ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከፊት። ማጭድ ይዞ የማያውቅ ሁሉ ነው። የጥበቃዎቹ ዘመዶች ከወዲያ በኩል ያጭዳሉ፣ እኛን እያዩ በኦሮምኛ ይሳለቃሉ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እያንዳንዷን ዘለላ በጥንቃቄ ስናነሣ ኦቦ ቀጄላ ከዳር ሆነው «ኧረ ጤፉን አትስፉት፣ እጨዱት!» ብለው ጮኹ። ሜዳው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ከዚያ ወዲያ እጃችን ፈጠነ። ሀብተወልድ መዳፉ ተላልጦ ሊደብቅ ሲሞክር ደጊቱ ቅቤ ቀቡለት። «ዲፕሎማህ ቆሰለ» አሉት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን። ነዶው ተከመረ። ኦቦ ቀጄላ እያንዳንዳችንን በሁለት እጃቸው እየጨበጡ «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዕዳ ገባሁ። መቼ ነው የእናንተ ተራ? ምን እናጭድላችሁ?»

መኪያ መለሰችላቸው። «እሁድ ስብሰባ አለን፣ አባባ። የዘራነው እሱን ነው። ከወገኖችዎ ጋር ይምጡልን።»

ሳቁ ቆመ። ኦቦ ቀጄላ የፋብሪካውን አጥር አዩ፣ ነዶውን አዩ፣ ሌሎቹን ጥበቃዎች አዩ። በኦሮምኛ ተነጋገሩ። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላው ተቆጣ። መጨረሻ ላይ «ዳዶ በልቶ የቀረ የለም» አሉና ማጭዶቹን ሰበሰቡ።

ገበሬው ደግሞ... ያ ጸሐፊ ምን ብሎ እንደጨረሰው አላውቅም። እኔ ዛሬ ያየሁት ይሄ ነው፤ ገበሬው ተራውን ያውቃል። ተራ ያለው ነገር ይዘህ ከሄድክ።

ታኅሣሥ 5

ማኅበሩ ተመሠረተ። አውድማው ላይ። ሽሮና ምስር ከአንድ ትልቅ ድስት፣ መኪያና ደጊቱ እየተቆጣጠሩ። ጥበቃዎቹ ተራ ያለባቸው ሲቀሩ ሁሉም መጡ። ላሊሴም ከገፈርሳ መጣች፣ እጇን በነጠላ አንግታ።

ሀብተወልድ ሊቀ መንበር ሆነ፤ የተከራከረ የለም። ይገባዋል። ቀጥሎ ከአስተዳደሩ ጋር ማን ይነጋገር ተባለ። «እኔና ሁለት መካኒኮች» አለ ሀብተወልድ፤ ሰነድ ማንበብ ስለሚችሉ። መኪያ እኔን አየችኝ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ንግግር አይደለም የተናገርኩት፤ ሦስት ሰው ይሁን አልኩ። አንድ ከመካኒክ፣ አንድ ከጥበቃ፣ አንድ ከስፌት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱም አይገቡም። ሀብተወልድ ለምን እንዲህ እንደምጠራጠረው ጠየቀኝ፤ ቅር ብሎት። «አንተን አይደለም» አልኩት። «ጠረጴዛውን ነው። ጠረጴዛ ሰው ይለውጣል።»

እጅ ወጣ። ጥበቃዎቹ መጀመሪያ አወጡ። ሀብተወልድ ቆይቶ... እሱም አወጣ። ኦቦ ቀጄላ ተመረጡ። ከስፌት መኪያ ስትባል እምቢ አለች። «እኔ ደጅ ቆሜ እነሱን እጠብቃለሁ። ካርቱም የጎደለን ደጅ የሚጠብቅ ነው።» ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

ታኅሣሥ 6

ልጄ ቢታንያ ከሱሉልታ ደወለች። እንዴት ሰማች? እማዬ አንቺ ምን አገባሽ፣ ሥራሽን ብታጪ ማን ያኖርሻል፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥርሻል አለችኝ። ሁሉም እውነት ነው። ባሏ ሥራ ከፈታ ወዲህ እሷም አልተመቻትም፤ ወደ እሷ ልሂድ የምልበት ቤት አይደለም። ቢሆንም እገባለሁ አልኳት። አለቀሰች። ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቅሁ።

ታኅሣሥ 8

ከመኪያ ጎን ተነሣሁ። ማሸጊያ ተመደብኩ፤ ከቀዩ በር አጠገብ፣ ብቻዬን። አቶ መልከጼዴቅ «ለጤናሽ አስበን ነው» አለ። ኮሌታ መስፋት ይናፍቃል ለካ።

ታኅሣሥ 15

ገባን። ሦስታችን። ለሀብተወልድ ወንበር ሳቡለት፣ የታሸገ ውሃ ከፈቱለት። ለእኛም ወንበር ነበረ፤ ውሃው ግን አልደረሰንም። አቶ መልከጼዴቅ ብዙ ተናገረ። ደንበኞች፣ ኪሳራ፣ ስርቆት። ሀብተወልድ በደንብ መለሰለት፤ ኮራሁበት። ከዚያ አቶ መልከጼዴቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የቴክኒክ ነገር አለ፣ ወደ ውስጠኛው ቢሮ ገብተን ከአቶ ሀብተወልድ ጋር እንጨርሰው፣ እናንተ እዚህ አረፍ በሉ አለ። እያለፈም የዋናው መካኒክ ቦታ ክፍት መሆኑን ጣል አደረገ።

ሀብተወልድ ከወንበሩ ተነሣ። ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግማሽ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። ሲጠሩት የሚነሣ ሰው ስለሆነ ነው፤ ማንስ ጠርቶን ያውቃል? ኦቦ ቀጄላ ወለሉን አዩ።

«ሀብተወልድ፣ ተቀመጥ» አልኩ።

የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም። አልጮኽኩም። ልጄን ምሳሽን ብዪ እንደምላት ነው። አቶ መልከጼዴቅ ወደ እኔ ዞሮ ምን አልሽ አለ። «ብቻውን አይገባም» አልኩ። «ተማክረን ነው የመጣነው።»

ሀብተወልድ እዚያው ግማሽ ላይ ቆየ። ከዚያ ተቀመጠ። የተከፈተለትን ውሃ አንሥቶ ኦቦ ቀጄላ ፊት አስቀመጠው።

ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቁልፉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ሰው ውስጥ እያለ ከእንግዲህ አልቆልፍም። ባልደረቦቼም አይቆልፉም። ከኤጀንሲ ታመጣለህ፤ አምጣ። እሱም ልጅ ይኖረዋል፤ እነግረዋለሁ።»

አቶ መልከጼዴቅ ቁልፉን አላነሣውም። ለባለቤቱ አቀርባለሁ አለ። ስንወጣ መኪያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ከኋላዋ የስፌት መስመሩ ሠራተኛ በሙሉ። «ስንት ገባችሁ?» አለች። ሦስት። «ስንት ወጣችሁ?» ሦስት አልናት።

ታኅሣሥ 20

ፈረምን። በሥራ ሰዓት በሩ አይቆለፍም። ላሊሴ እጇ ሲድን ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። የታመመችበት ጊዜ ይከፈላት የሚለውን አልተቀበሉም፤ ወደፊት እንነጋገራለን ተብሏል። አልረካሁም። ሀብተወልድ ፈረመ፣ ኦቦ ቀጄላ ቀስ ብለው በቁቤ ስማቸውን ጻፉ፣ እኔ በመጨረሻ። እስክሪብቶውን አጥብቄ ይዤው ወረቀቱን ወጋሁት።

መኪያ ማታ ካርቱም ትኖር ከነበረች ጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ አጠገቧ ነበርኩ። ሴትዮዋ አሁን ድንበር ላይ ናት። ጦርነቱ እንዳለ ነው። ስለ እኛ ልትነግራት ጀመረችና ተወችው። የእኛ አንድ በር ነው፤ የእነሱ አገር ነው። አላመሳስልም። ግን በሩ ላይ የሚጣላው ሰው ዓይነት... የተማረው፣ መሬቱን ያጣው፣ ሻይ የሚሸጠው... እነዚህን እዚህም አየኋቸው። በጎረቤት አገር ተለያይተው የወደቁትን ሰዎች ወረቀት ላይ ሳነብ ሩቅ ይመስሉኝ ነበር።

ታኅሣሥ 27

በሩ ክፍት ነው። ከመናገሻ በኩል የሚመጣው ንፋስ ቀጥ ብሎ ይገባል። ማሸጊያው ላይ ጣቶቼ ደንዝዘው ዋሉ። ካርቶኑን መዝጋት አቃተኝ።

በምሳ ሰዓት አንዷ ልጅ ለእኔ፣ ለእትዬ ትንሳኤ፣ ሲባል እስከ ረፋድ ገርበብ ይበል አለች። ሌላዋ አይ፣ ገርበብ ያለ በር ነገ ይዘጋል፣ ከነገ ወዲያ ይቆለፋል አለች። ተከራከሩ። ሀብተወልድ ጥቅጥቅ ያለ መጋረጃ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ መኪያ ጭስ ቢመጣ መጋረጃው ሰው ይጠልፋል አለችው። ተቀመጠ። የማሸጊያውን ቦታ በሳምንት በሳምንት እንቀያየር ያለችው አንዲት ከካውያ ክፍል ናት፤ ስሟን እንኳ በቅጡ አላውቀውም። አስተዳደሩን ማን ይጠይቅ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እሺ አልኩ። ሳላስበው፣ ሳልፈራ፣ እንጀራዬን እየጠቀለልኩ።

ተራው እስኪደርስ እዚያው ነኝ። ዛሬ አንድ ሹራብ አልበቃም። ለነገ ሁለት አውጥቼ ወንበሩ ላይ ሰቅያለሁ።